በገበታ ላይ የሚሰለፍ እግረኛ፤ መደቅ፣ የዐድዋ ሥዕልና የእርሳስ ወታደር ከአምባሰል ጭፍራ ጋር ሲነጻጸሩ

፩. መግቢያ

ጦርነትን አሳንሶ በገበታ ላይ ማሰለፍ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ለዚሁ ተብሎ የሚሠራው ትንሽ ወታደር፣ ከዝሆን ጥርስ ቢጠረብም ሆነ ከእርሳስ ማዕድን ቢቀልጥ፣ የልጆች መጫወቻ ወይም የመኳንንት መዝናኛ እየተባለ ስለሚታለፍ የታሪክ ተመራማሪ ዓይን እምብዛም አያርፍበትም። ነገር ግን ሠራዊትን ወደ ጣት ቁመት የሚያሳንስ ሰው ሁሉን ነገር አሳንሶ ሊይዝ አይችልም፤ የሚይዘውንና የሚተወውን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ትንሹ ወታደር ስለ እውነተኛው ወታደር ከሚናገረው ይልቅ፣ ሠሪው ወታደሩን በምን ዓይን ያየው እንደ ነበር አብልጦ ይናገራል።

ይህ ጽሑፍ ሦስት ዓይነት ትንንሽ እግረኞችን ይመረምራል። የመጀመሪያው በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መደቅ የሚባለው ነው፤ ሁለተኛው በዐድዋ ጦርነት ሥዕሎች ላይ በተርታ የሚታየው ነው፤ ሦስተኛው በ1928 ዓ.ም. የጦርነት ዘመን አካባቢ በአውሮፓ ተሠርቶ የተሸጠው የእርሳስ ወታደርና ዛሬም ዐድዋን በጠረጴዛ ላይ ለሚጫወቱ ሰዎች የሚቀለጠው ተከታዩ ነው። ሦስቱም የሚመዘኑት በአንድ እውነተኛ እግረኛ፣ ይኸውም በአምባሰልና በሐይቅ አገር ጭፍራ ነው። የጽሑፉ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ መደቅ የሠራዊቱን ሥርዓት ይዞ መልኩን ትቷል፤ የእርሳሱ ወታደር ደግሞ መልኩን ይዞ ሥርዓቱን ትቷል፤ ሥርዓቱ በመተዉም የአገሩ እግረኛ ያልነበረውን ስም ተሸክሞ ቀርቷል።

፪. አገሩና እግረኛው

የሐይቅ ባሕር ከደሴ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በውስጡ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በደሴት ላይ የነበረ ሲሆን ዛሬ ስፍራው ከየብስ ጋር ተያይዟል። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን የትምህርት ቤት አድርገውት ነበር፤ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌልም የራሳቸውን ሥዕል ጭምር የያዘ በመሆኑ በኢትዮጵያ የመጽሐፍ ሥዕል ታሪክ ከፍ ያለ ቦታ አለው። የአምባሰል ተራራ ደግሞ የተፈጥሮ ምሽግ ነው። የአገሩ ገዥ ጃንጥራር በሚባል፣ ከዚሁ አገር ጋር በተያያዘ የተለየ ማዕርግ ሲጠራ ኖሯል። እቴጌ መነን የጃንጥራር አስፋው ልጅ መሆናቸው የታወቀ ነው።

አገሩ በጦርነት መንገድ ላይ የተቀመጠ ነው። በ1524 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል በአምባሰል በኢማም አሕመድ ሠራዊት ተሸንፈው ከሞት ለጥቂት አመለጡ፤ ከዚያም በኋላ ጦሩ ወደ ሐይቅ ደሴት መድረሱን የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ተርኮታል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ስሙን ያገኘው ከዚሁ አገር ነው፤ ውሉም የዐድዋ ጦርነት መነሻ ሆነ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ የተሸነፈው የንጉሥ ሚካኤል ሠራዊት ከወሎ የዘመተ ነው። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደሴን የጦር ሰፈር ባደረጉ ጊዜ ከተማዪቱ ኅዳር 26 ቀን በአውሮፕላን ተደበደበች። ከደሴ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር የሚወስደው መንገድም በሐይቅና በውጫሌ በኩል የሚያልፍ ነው።

በዚህ መንገድ የተጓዘው እግረኛ እንዴት ያለ ሰው ነበር? በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበረው እግረኛ በአብዛኛው ባላገር ሆኖ ክተት ሲታወጅ የሚዘምት፣ ወይም በአንድ ጌታ ቤት ያደረ ወታደር ነበር። እጀ ጠባብና ሱሪ ለብሶ፣ ሸማውን ታጥቆ፣ በባዶ እግሩ ይጓዛል። ጠበንጃ ያለው ዝናሩን በወገቡ ያዞራል፤ መሣሪያውም ስናድር፣ ውጅግራ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ጠበንጃ የሌለው ጦርና ጋሻ ይይዛል። ጎራዴ የታጠቀ እንደሆነ በግራ ሳይሆን በቀኝ ጎኑ ያንጠለጥለዋል፤ ግራ እጁ የጋሻ እጅ ነውና። ለምድና ጎፈር ግን የሁሉ ልብስ አልነበሩም፤ የማዕርግና የጀግንነት ምልክት ሆነው ከጌታ የሚገኙ ሽልማቶች ነበሩ። ስለሆነም የአንድን እግረኛ ልብስ ያየ ሰው አገሩን ብቻ ሳይሆን ጌታው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደ ሠራና ምን እንደ ተሸለመም ሊገምት ይችል ነበር።

የዚህ እግረኛ ስፍራ በሠራዊቱ ውስጥ የተወሰነ ነው። ፊታውራሪው በፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ ሆነው ሲጓዙና ሲሰፍሩ የንጉሡ ወይም የራሱ ድንኳን በመካከል ይቆማል፤ ደጀኑም ከኋላ ይከተላል። በየማዕርጉ ስም ውስጥ የጦሩ አሰላለፍ ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው። እግረኛው ከነዚህ በአንዱ ሥር ይሰለፋል፤ በፉከራውም የራሱን ሥራና የጌታውን የፈረስ ስም ያነሣል። የምኒልክ ወታደር አባ ዳኘው፣ የሚካኤል ወታደር አባ ሻንቆ ሲል የሥርዓቱን ሰንሰለት በቃሉ ይመሰክራል።

፫. መደቅ

ሰንጠረዥ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከምሥራቅ ነው። ስሙ ከዐረብኛው ሸጥረንጅ የመጣ ሲሆን፣ ይህም ቃል በፋርስ በኩል አልፎ ከሕንዱ ቻቱራንጋ፣ ማለት ባለ አራት ክፍል ሠራዊት ከሚለው ስም የተገኘ ነው። አራቱ ክፍሎች ዝሆን፣ ፈረስ፣ ሠረገላና እግረኛ ናቸው። በኢትዮጵያ የመጫወቻዎቹ ስሞች ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ሲሆኑ፣ ከነዚህ መካከል ፊል በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው። መደቅ ከዐረብኛው በይደቅ ጋር የሚገናኝ ቃል ነው፤ የበይደቅም ሥር በጥንቱ የፋርስ ቋንቋ እግረኛ ወታደር የሚለው ቃል ነው። እንግዲህ በገበታው ላይ አንሶ የሚታየው መደቅ በስሙም በሥራውም እግረኛ ነው።

ጨዋታው በቤተ መንግሥት የቆየ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደ ነበር ተጽፏል። በ1805 እ.ኤ.አ. ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የራስ ወልደ ሥላሴን ጨዋታ አይቶ ጽፎአል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም ሕጉን ገልጦታል። ሪቻርድ ፓንክረስት እነዚህን ምስክሮች አሰባስቦ በ1971 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሰፊ ጽሑፍ አውጥቶአል።

መደቅ ፊት የለውም፤ ልብስም መሣሪያም አልተቀረጸበትም። ከዝሆን ጥርስ ወይም ከቀንድ የተጠረበ ግዙፍና ቀላል ቅርጽ ነው። ገበታውም እንደ አውሮፓው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ያልተዥጎረጎረ፣ በጨርቅ ላይ በመስመር ብቻ የተከፈለ ነው። ሆኖም ጦርነትን የሚመለከት አንድ ትልቅ አሳብ በሕጉ ውስጥ ይገኛል። በሌላው ዓለም ሰንጠረዥ ተጫዋቾቹ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ተራ በተራ ይንቀሳቀሳሉ፤ በኢትዮጵያው ግን ጨዋታው ወረራ በሚባል ክፍል ይጀምራል። በወረራ ጊዜ ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች የፊተኛው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ በአንድ ጊዜ፣ እንደ ወደዱ፣ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። የተራው ሕግ የሚጸናው ከመጀመሪያው መበላላት በኋላ ነው።

ይህን ሕግ ከክተት ጋር ማነጻጸር ይገባል። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ክተት ባሳወጁ ጊዜ የየአገሩ ጦር በአንድ መንገድ እንዲጓዝ አልታዘዘም፤ የሸዋው በወረኢሉ፣ የሌላው አገር በአሸንጌና በመቀሌ አቅጣጫ እንዲገናኝ ተቀጠረ እንጂ። እያንዳንዱ ገዥ የራሱን ጭፍራ ይዞ በራሱ መንገድ፣ በአንድ ዘመን ይንቀሳቀሳል። ጦርነቱ ከመግጠሙ በፊት ያለው ይህ ረጅም እንቅስቃሴ የጦርነቱ ግማሽ ነው። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ይህን ክፍል አልዘለለውም። ከዚህ የተነሣ ወረራ ከክተት ተወለደ ማለት አይገባም፤ መመሳሰል ብቻውን ለትውልድ ማስረጃ አይሆንምና። ነገር ግን ክተትን የሚያውቅ ተጫዋች በወረራ ውስጥ እንግዳ ነገር እንደማያገኝበት ግልጥ ነው።

የአገባቡም ክብር የሚመረመር ነው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ እንደ ተራ ነገር ይቈጠር ነበር፤ በፈርዝ ወይም በፊል የያዘ ይከበራል፤ መደቆችን አስተባብሮ የያዘ ደግሞ ይመሰገናል። ከዚህም ሌላ የገበታውን ዳር የደረሰ መደቅ ፈርዝ ይሆናል። እግረኛው ትንሽ ቢሆንም ለሹመት የተዘጋጀ ሆኖ ይታያል። ተመልካቾችም ዙሪያውን ተቀምጠው በግልጥ ምክር ይሰጣሉ፤ ይህም ጨዋታውን የሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆን እንደ ጦር ሸንጎ የብዙ ሰዎች ያደርገዋል።

፬. የዐድዋ ሥዕል

ሁለተኛው ትንሽ እግረኛ በዐድዋ ሥዕሎች ላይ የሚገኘው ነው። የነዚህ ሥዕሎች አሣሣል የጸና ሥርዓት አለው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ይታያል፤ ዐፄ ምኒልክ በጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሆነው ይሣላሉ፤ ሁለቱ ሠራዊቶች ፊት ለፊት ይገጥማሉ። ኢትዮጵያውያን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ ጠላት ግን በጎን ሆኖ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህም ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተወረሰ ሕግ ነው፤ የጻድቅና የኃጥእ መለያ ወደ ጦር ሜዳ ተሸጋግሮ ይገኛል።

እግረኛው እዚህ ላይ ልብስና መሣሪያ አግኝቶአል፤ ፊትም ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ፊቱ የማንም አይደለም። ሠዓሊው ራስና ራስን እየደራረበ ብዙነትን ሲያሳይ፣ ስሙ የሚጻፈውና መልኩ የሚለየው ለመሳፍንቱና ለመኳንንቱ ነው። የኢየሱስ ሞዐን ወንጌል ለሚያውቅ ተመልካች ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ክቡር የሆነው ሰው በስሙ ሲሣል፣ ሥዕሉ የሚገልጠው ከመልኩ ይልቅ ማዕርጉን ነው። ሥዕሉ ከሦስቱ ሁሉ የሚበልጥበት ነገር ግን አለ፤ ካህናቱን፣ ታቦቱን፣ እቴጌይቱንና ሴቶቹን አላስቀረም። ሠራዊት ማለት የታጠቀ ወንድ ብቻ አለመሆኑን ሠዓሊው ያውቃል።

፭. የእርሳስ ወታደር

በአውሮፓ ወታደርን ከቆርቆሮና ከእርሳስ ማቅለጥ በ18ኛው መቶ ዓመት በኑረንበርግ ከተማ ሰፍቶ ነበር፤ እነዚያ ወታደሮች ዝርግ ነበሩ። በ1893 እ.ኤ.አ. ብሪተንስ የተባለው የለንደን ቤት ውስጡ ባዶ የሆነ ሙሉ ቅርጽ ያለው ወታደር ማቅለጥ ጀመረ፤ ቁመቱም 54 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የጦርነት ጨዋታ ግን ሌላ ምንጭ አለው። በፕሩስያ ፎን ራይስቪትዝ የተባሉ አባትና ልጅ ጨዋታውን አሻሽለው ልጁ በ1824 እ.ኤ.አ. ለጦር መኰንኖች ማስተማሪያ አደረገው። የፕሩስያ መኰንኖች በካርታ ላይ የሚያንቀሳቅሱት የተቀባ ወታደር አልነበረም፤ የጦር ክፍል ምልክት ያለበት ቀላል ቍራጭ ነበር። በዚህ ረገድ የፕሩስያው ቍራጭ ከለንደኑ ወታደር ይልቅ ለኢትዮጵያው መደቅ ይቀርባል፤ ሁለቱም መልክን ትተው ሥርዓትን ይዘዋልና። በ1913 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ስለ ትንንሽ ጦርነቶች ባሳተመው መጽሐፍ የልጆቹን የእርሳስ ወታደር ከጨዋታ ሕግ ጋር አገናኘው። ከዚህ በኋላ መልክና ጨዋታ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ።

የኢጣሊያና የኢትዮጵያ ጦርነት የዓለምን ጆሮ በያዘ ጊዜ የለንደኑ ቤት ሁለት የኢትዮጵያ ሣጥኖች ለገበያ አወጣ። በአንደኛው ሣጥን የንጉሠ ነገሥቱ ክቡር ዘበኛ ነበር፤ የደንብ ልብስ ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ሆኖ ይታያል። በሁለተኛው ያሉት እግረኞች ግን ወታደር አልተባሉም፤ የተሰጣቸው ስም የሐበሻ የጎሣ ሰዎች የሚል ነበር።

ይህ ክፍፍል በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ክቡር ዘበኛ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በቤልጅግ መኰንኖች የሠለጠነ ጦር ነበር፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ተዋግቶአል። የደንብ ልብስ ስላለው አውሮፓዊው ሠሪ ወታደርነቱን አወቀለት። ከየአገሩ የዘመተው እግረኛ ግን የደንብ ልብስ ስለሌለው ከወታደርነት ወደ ጎሣ ዝቅ አለ። የአምባሰል ጭፍራ በጎሣ የተሰበሰበ አልነበረም። የሰበሰበው የመሬት ግዴታ፣ የጌታና የሎሌ ውል፣ የክተት ዐዋጅና ከጃንጥራሩ እስከ ፊታውራሪው፣ ከፊታውራሪው እስከ አለቃው የሚወርድ የትእዛዝ መሰላል ነው። የአምባሰል ሰውና የሸዋ ሰው በአንድ ሰፈር ስፍራ ስፍራቸውን ይዘው ያደሩት በዚህ መሰላል ነው። ይህ ሥርዓት በልብስ ላይ ስለማይታይ ልብስን ብቻ የሚቀርጸው ሠሪ ሊያገኘው አልቻለም። እንግዲህ ስሕተቱ የክፋት ብቻ አይደለም፤ ከዕደ ጥበቡ ባሕርይ የሚመነጭም ነው።

ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ዐድዋን በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ወታደሮቹ አንሰዋል፤ ብዙ ጊዜ ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አቀራረጻቸውም ከቀድሞው ይልቅ በጥናት የተደገፈ ነው፤ ጋሻው፣ ዝናሩና ጎራዴው ከፎቶግራፍና ከቤተ መዘክር ዕቃ ይቀዳሉ። ነገር ግን የጨዋታው ሕግ ብዙ ጊዜ የኢትዮጵያውን እግረኛ በብዛቱ የሚያስፈራ፣ በሥርዓቱ ግን የላላ አድርጎ ይቈጥረዋል። ሣጥኑ ላይ የነበረው ስም ተፍቆ በሕጉ ውስጥ ተሰውሮ ቀርቶአል ማለት ይቻላል። ከዚህም ሌላ ገበታውን ነጭና ጥቁር አድርጎ መክፈል ታሪኩን ያዛባል፤ በዐድዋ የጄኔራል አልበርቶኔ ጦር በአብዛኛው ከኤርትራ የተመለመሉ አስካሪዎች ነበሩና፣ የሐበሻ እግረኛ በሁለቱም ወገን ተሰልፎ ነበር።

፮. ቍጥርና ስንቅ

ትንሽ ሠራዊት የሚሠራ ሰው የመጨረሻው ችግሩ ቍጥር ነው። በዐድዋ ኢጣሊያ ከ17,000 በላይ ወታደርና 56 መድፍ እንደ ነበራት፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት ደግሞ ወደ 100,000 እንደሚጠጋ ይነገራል። አንድ ትንሽ ወታደር ሃምሳ ሰው ይወክላል ቢባል ለኢትዮጵያ 2,000፣ ለኢጣሊያ 350 ያህል ያስፈልጋል። ይህን ያህል የሚያሰልፍ ጠረጴዛ ስለማይገኝ ጨዋታው የጦርነቱን አንድ ቍራጭ ብቻ ይወስዳል፤ ያችም ቍራጭ የተኵስ ሰዓት ናት።

ሆኖም ያ ሠራዊት ከወረኢሉ ተነሥቶ በወሎ አልፎ ዐድዋ የደረሰው በተኵስ አይደለም። ስንቅ የተሸከመች አህያ፣ እንጀራ የምትጋግር ሴት፣ ድንኳን የሚተክል፣ ውኃ የሚቀዳ፣ የጌታውን ጋሻ የሚይዝ ጋሻ ጃግሬ አብረውት ነበሩ። በጉዞ ላይ ያለ አገርም ለሠራዊቱ ቀለብ ሲያቀርብ ከባድ ሸክም ይወድቅበታል፤ በመንገዱ ዳር ያለው የአምባሰልና የሐይቅ ገበሬ ይህን ሸክም በሚገባ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ሠራዊት በአንድ ስፍራ ብዙ ጊዜ ሊቆይ የማይችለው፣ ስንቁ ሲያልቅ ሊበተን የሚደርሰው ስለዚህ ነው። ይህ ካልታሰበ የዐድዋ ጦርነት በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ለምን እንደ ገጠመ አይገባም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ቢሆን ኖሮ የሁለቱም ወገን ስንቅ ይነጥፍ ነበርና። በእርሳስ ተቀልጦ የማይሸጠው ይህ ሁሉ ሕዝብ ነው። መደቅም አይወክለውም። ከሦስቱ ትንንሽ ሠራዊቶች ለዚህ ሕዝብ ጥቂት ስፍራ የሰጠው ሥዕሉ ብቻ ነው።

፯. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጠው ከሦስቱ አንዳቸውም ብቻቸውን የአምባሰልን እግረኛ አይሰጡም። ከመደቅ የእንቅስቃሴውን ሥርዓትና የሹመቱን ተስፋ፣ ከሥዕሉ ሠራዊት የሕዝብ ጉዞ መሆኑን፣ ከእርሳሱ ወታደር ደግሞ የልብስንና የመሣሪያን ጥንቃቄ መውሰድ ይቻላል። ጉዳዩ ለጨዋታ ብቻ አይጠቅምም። በቤተ መዘክር የጦርነትን መልክ አሳንሶ ለሕዝብ የሚያሳይ ሁሉ ያንኑ ምርጫ ይመርጣል፤ ሣጥኑ ላይ የሚጽፈው ስምም ለሚመጣው ትውልድ ትምህርት ይሆናል።

ነገሩ አስቸኳይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወሎ በደረሰ ጊዜ የደሴ ቤተ መዘክር ተዘርፎአል፤ የጠፋ ዕቃ ደግሞ መግለጫው ካልተጻፈ ሁለት ጊዜ ይጠፋል። በአምባሰል፣ በሐይቅና በውጫሌ በየቤቱ የቀረውን ጋሻ፣ ዝናርና ለምድ መመዝገብ ለወሎ ዩኒቨርሲቲና ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተገባ ሥራ ነው። ምዝገባው ግን የዕቃውን ርዝመትና ቀለም በመለካት ሊያበቃ አይገባውም። ማን እንደ ታጠቀው፣ በየትኛው ክተት እንደ ዘመተበት፣ በማን ሥር እንደ ተሰለፈ፣ ለምዱን ማን እንደ ሸለመው፣ ስንቁንም ማን እንደ ተሸከመለት አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ይህ የተጻፈለት እግረኛ፣ በየትኛውም ገበታ ላይ ቢሰለፍ፣ የጎሣ ሰው ተብሎ አይጠራም።